የአዳነ ሽፋሽፍት

ደብረ ታቦር ውስጥ አስናቀን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። የከተማው ሰው ሁሉ መታወቂያው ላይ የተቆጣ መስሎ የሚታየው በእሱ ጥፋት ነው፤ «አትሳቅ!» እያለ ነበር የሚያነሳው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀይ አምፖል በሚበራባት ጠባብ ጨለማ ክፍል ጥቁርና ነጭ ፎቶ አጥቧል። ባለቀለሙ ፎቶ መጥቶ ደንበኛውን ሲወስድበት እንኳ ፎቶ ከሚያጎላበት ማጉያው አልተለየም። የማጉያውን ሌንስ በጥጥ ጠቅልሎ ነበር የሚያሳድረው። በዚያ ሌንስ ይኮራ ነበር፤ ኩራቱም ጉድ ሠራው።

በ1995 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ብዙነሽ ከጉና ግርጌ መጡ፤ እስከ ገሳይ በእግር፣ ከዚያ ወዲህ በጭነት መኪና። ልጃቸው አዳነ ጦር ሜዳ ሞቶ መርዶው የደረሳቸው በቅርቡ ነበር። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እንዲህ ሲሆን ለቀስተኛው የሚያለቅሰው የሟቹን ልብስና ፎቶ እያየ ነው። ልብሱስ አለ። ፎቶ ግን አዳነ በዕድሜው የተነሳው አንዴ ብቻ፣ ሊዘምት ሲል ከጓደኞቹ ጋር ነው። ያነሳውም አስናቀ ነበር።

«ፊቱን ብቻ አጉላልኝ፣ ልጄ» አሉት። «እሑድ ተዝካሩ ነው።»

አስናቀ ነጋቲቩን ከቆርቆሮ ሣጥኑ ፈልጎ አገኘው። ዘጠኝ ጎረምሶች መኪና አጠገብ ተደርድረዋል፤ የአዳነ ፊት ከምስር ፍሬ ታንሳለች። የማጉያውን ራስ ጣሪያ እስኪነካ ሰቀለው። ምስሉ በሰፋ ቁጥር ብርሃኑ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ ወለል አድርጎ ከፍቶ አንድ ወረቀት አተመ። ፊቱ ወጣ፣ ግን ደብዘዝ ብሎ። ሌንስ እስከ ዳር ሲከፈት እንዲህ ነው፤ አጥርቶ የሚያሳየው ቀዳዳው ሲጠብ ነው።

ትክክለኛው ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ ወረቀቱን በእርጥቡ ወደ ውጪኛው ክፍል ይዞ ወጣ። ምስሉን የሚያጸናው፣ ብርሃን እንዳያጠቁረው የሚጠብቀው መድኃኒት ውስጥ አልነከረውም። ለአንድ አፍታ ነው ብሎ ነው።

«እሱ ነዋ!» አሉና ሳሙት። «ይኸ ይበቃኛል።»

«የለም፣ እናቴ፣ ይኸማ ሙከራ ነው። ቅንድቡ እንኳ አልጠራም። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ይበቃኛል ሲሉት በበቃው!

ወረቀቱን እጃቸው ላይ ትቶ ተመልሶ ገባና ቀዳዳውን አጠበበ። በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ቢል ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደስ አለው። ቀዳዳ ሲጠብ ግን ብርሃን ይደክማል፣ በደከመ ብርሃን ማስተካከል ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። የማጉያው የራሱ አምፖል ከተቃጠለ ቆይቶ፣ አሁን የገባበት ከሱቅ የተገዛ የሁለት መቶ ሻማ አምፖል ነው፤ ከሥሩ ላለው ነጋቲቭ እሳት ነው። አስናቀ ይህን እያወቀ፣ ወረቀት ሳያስገባ፣ ሌንሱን የፀጉር ያህል ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቆየ። የሆነ ነገር ሸተተው። ዓይኑ እያየ ሽፋሽፍቱ ተኮማተረ፤ ነጋቲቩ ቀለጠ።

የመጀመሪያው አለ ብሎ እየሮጠ ወጣ። ወይዘሮ ብዙነሽ ክፍሉ ውስጥ የሉም። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ልጃቸውን በደንብ ሊያዩ በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጠቆረብኝ እኮ» አሉ ወረቀቱን እየዘረጉለት። «ስለሳምሁት ይሆን?»

ነጥቆ መድኃኒቱ ውስጥ ከተተው። የተረፈው ግን የትከሻ ጥላ ብቻ ነበር። ነጋቲቩም እንደቀለጠ ነገራቸው፤ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን አልደበቀም። አልጮሁበትም። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«የኔ ዓይን አያደርስም» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ግን አጉልተህ፣ ቀርበህ አይተኸዋል። ሲሄድ ከፍቶት ነበር ወይስ ስቋል? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

አስናቀ ሊያስታውስ ሞከረ። ያየው ሽፋሽፍቱ መጥራቱን ነበር። ፊቱን አላየውም።

«ስቆ ነበር» አላቸው።

አመኑት።