ጀርባውን ለስክሪን የሰጠው ሰው

አስኮ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ያለው ሰይፈሥላሴ ራሱ ፊልም አያይም። ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጥና የሰው ፊት ያያል። አንገት ሲቀላ ማን ዓይኑን እንደሚጨፍን፣ ማንን እንደሚያቅለሸልሸው ለይቶ ያውቃል። ስክሪኑን የገዛለት በሞተር ዕቃ የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድሙ ብሩኬ ነው።

ከፊልሙ በፊት ከቴሌግራም ያወረደውን የእውነት አደጋ ቪዲዮ ራሱ ሳያየው ይለቃል። አልችልም ብሎ የሚወጣውን «ሂድ፣ እናትህ ጉያ ግባ!» እያለ ይሰድባል።

እሁድ ከሰዓት፣ ያን ዕለት ጠዋት መኪና የደፈጠጠውን ሞተረኛ ለቀቀ። ምንም የማይበግራቸው የዘወትር ደንበኛው አቶ ተክለሃይማኖት ቀድመው ተነሱ። ብዙዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏቸው።

«እርስዎም ፈሩ?» ብሎ ሳቀ።

«አጥፋው፣ ልጄ» አሉት። ይህን ብቻ ብለው ወጡ፤ መርዶ እንዲህ በድንገት፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም።

ሰይፈሥላሴን እልህ ያዘውና ለቀሩት ሁለት ሰዎች ደገመው። እነሱም ሲወጡ ድምፁን ጨመረ፤ በሩ ላይ ቆሞም የሸሹት ጩኸቱን እንዲሰሙት ሁለቴ ደገመው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የቤቱ በር ተንኳኳ። ሲከፍት ትናንት ጥለውት የወጡት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አቶ ተክለሃይማኖት «ልጄ፣ ወንድምህ ብሩኬ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ ሰይፈሥላሴ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ፊት ማንበብ ያውቅበታል።

«ሦስቴ» አለ። «ሦስቴ ነው የደገምኩት።»