እናቴ እርስዎ ስትለኝ

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳዋን አቅርቤ በጀርመንኛ «ይብሉ» አልኳት። ቤት ውስጥም በአገሩ ቋንቋ ብናወራ ትምህርቱ ይቀላታል ብላኛለች አስተማሪዋ። እኔ ደግሞ ጀርመንኛን የለመድኩት ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ስለሆነ የሚቀናኝ የአክብሮቱ ነው።

«እማ፣ እኔ ዳይሬክተር ነኝ እንዴ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከገጠሩ ፃግብጂ ሰቆጣ ከተማ የገባነው እኔ እንድማር ነበር። ትምህርቱ በአማርኛ ስለሆነ እናቴ የቤታችንን ቋንቋ፣ ኽምጣናን፣ ከእኔ ጋር ማውራት ተወች። አማርኛ የምታውቀው ግን ለቄስና ለዳኛ የሚባለውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በእፍኟ ዘግና፣ «እንኩ፣ ይብሉ ልጄ» አለችኝ።

ንፍሮው ከአፌ እስኪረጭ ሳቅሁ። «እማ፣ እርስዎ የሚባለው እኮ ትልቅ ሰው ነው!»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ታዲያ ትልቅ ሰው ሊሆኑ አይደል የመጣነው?»

ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ተረት ነግራኝ አታውቅም። ተረቱ ሁሉ በኽምጣና ነበር።

ልጄን በአማርኛ «ብዪ በቃ» አልኳትና ሰቆጣ ደወልኩ። የእናቴ አማርኛ ዛሬ ከእኔ ይሻላል። እያወራን የጎረቤቷን ልጅ «አንቺ፣ በሩን ዝጊው!» ስትላት ሰማኋት።

ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«እርስዎስ፣ ምሳ በሉ?»