ቀይ አሽ የለበሰው ዳገት

«ሰመር ላይ ልመጣ ነው» ስላት እህቴ ስልኩ ውስጥ እልል አለች። «ሳይክሌን ይዤ ነው የምመጣው» ስላት እልልታውን አቋረጠች። ከእሷ ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ አይፈል በሚባለው የእሳተ ገሞራ አገር፣ ጫካ ለጫካ በጠጠር መንገድ ብቻዬን እንደምነዳ ስነግራት ደግሞ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ታላቄ ናት። ደሴ እያለን እናታችን ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በኋላ እሷ በሱዳን በኩል ጀርመን ገባች፣ እኔ አትላንታ ደረስኩ። እሷ ኮብሌንዝ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። እኔ ሎረንስቪል የትምህርት ቤት ባስ እነዳለሁ፤ ቤቴ ስቶን ማውንቴን ነው።

ለምን እንደተቆጣች አውቃለሁ። እናታችን የሞተችው ገና አገር ቤት ሳለን፣ በስኳር ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቷ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ፤ ቁስሉ አልድን ብሎ እግሯ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የእኛው ሥራ ነው። ልጆቿም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም ተሰብስበን «አትነሺ፣ አረፍ በዪ፣ እኛ እናመጣልሻለን» እያልን ከአልጋ ጋር አጣበቅናት። ቁስሏን ጠዋትና ማታ ያጠበችው እህቴ ናት። እኔም ስኳር እንዳለብኝ የሰማች ቀን በቪዲዮ ደውላ «ካልሲሽን አውልቂ» አለችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ለስልኩ አሳየኋት። እንዲህ ላለች ሴት ድንጋይ ላይ ሳይክል ልነዳ ነው ማለት እሳት ውስጥ ልገባ ነው እንደ ማለት ነው።

ሳይክል የለመድኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሐኪሙ ተቀምጦ መዋል እንደማያዋጣኝ ነገረኝ፤ የእኔ እንጀራ ደግሞ ተቀምጦ መዋል ነው። በእግሬ መሄድ ጀመርኩና ጉልበቴን አመመኝ። ስለዚህ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ያገለገለ ሳይክል አመጣችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአፓርታማችን ፊት ያለው ፓርኪንግ ላይ ኮርቻውን ይዛ ከኋላዬ ትሮጣለች።

«እማ፣ ላይክ፣ መሬቱን አትዪ! ወደ ፊት እዪ!» ትለኛለች እንግሊዝኛዋን ቀላቅላ።

ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ሸሚዝ፣ ከሄልሜቱ ሥር ሻሽ። እንደዚያ ሆኜ ስንገዳገድ ከመስጊድ የማውቃቸው አንድ አባት መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ወረዱና ቆመው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ? በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል?»

«አባባ፣ ሰው የኔን ኪኒን አይውጥልኝም» አልኳቸው። ከሳይክሉ ግን አልወረድኩም። እንደማከብራቸው ያውቃሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። በሳምንቱ ወሬው ሁሉም ቤት ደርሶ ነበር። ስልክ የሚደውለው በዛ። አንዷ «ባልሽ ቢኖር ኖሮ ይፈቅድልሽ ነበር?» አለችኝ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ሲኖር የማይፈቅደው ብዙ ነገር ነበር፤ አደርገውም ነበር።

ከአስፋልት ወደ ፒስታ ያስወጣኝ የአትላንታ ትራፊክ ነው። መኪና ክላክስ እያደረገ ክንዴን ታክኮ ሲያልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ከከተማው በስተምሥራቅ ርቀው ሲሄዱ ግን ቀይ የአፈር መንገዶች አሉ፤ በጥድና በግጦሽ መሐል ያልፋሉ፣ መኪና እምብዛም አይመጣባቸውም። ለእነሱ ብዬ ጎማው ሰፋ ያለውን፣ ለጠጠር የተሠራውን ሳይክል ገዛሁ። እዚያ የሚያባርረኝ ውሻ ብቻ ነው። ለውሻም መድኃኒቱን አገኘሁ፤ ወርጄ፣ ሳይክሉን በመሐላችን አቁሜ፣ በወሎኛ እጮህበታለሁ። እስካሁን ያልገባው ውሻ አላጋጠመኝም።

የአይፈልን መንገዶች ያየሁት በሥራ እረፍቴ፣ ባሱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ነው። ክብ ክብ ሐይቆች፣ በጫካ የተሸፈኑ ሾጣጣ ኮረብቶች፣ በመሐላቸው የሚጠማዘዝ ጠጠር። የእህቴ ቤት ከዚያ በመኪና ቅርብ ነው። ለዓመታት ጀርመን ስመላለስ ከሳሎኗ ወጥቼ አላውቅም ነበር። በዚያው ቀን ወሰንኩ።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሳይክሌን ፈታትቼ፣ በካርቶን አሽጌ ሄድኩ። እህቴ ተቆጥታም ቢሆን ባቡር ጣቢያ መጥታ ተቀበለችኝ። አንድ ሐሳብም ይዛ ነበር።

«እዚያ ድሮ ባቡር የሚሄድበት መንገድ አለ። ሐዲዱን አንስተው አስፋልት አድርገውታል፤ ለጥ ያለ ነው። ሽማግሌዎች ሁሉ ይነዱበታል። እሱ ላይ ንጂ።»

«እታለም፣ ለጥ ያለማ አትላንታም አለ።»

«እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም።» ከሥራ እረፍት ወስዳ፣ ዳውን በምትባለው ትንሽ ከተማ እኔ በያዝኩት ማረፊያ ከጎኔ ክፍል ያዘች። ቀን ቀን እኔ ጫካ ስገባ እሷ በመኪናዋ እየዞረች መንገዱ የሚወጣበት ቦታ ትጠብቀኛለች።

የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። ግንድ የሚጎትቱ መኪናዎች ያረሱት መንገድ ጭቃ ሆኖ ጎማውን ይይዘዋል። ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ ስመጣ እህቴን በቴርሞስ ሾርባ ይዛ አገኘኋት። ሾርባውን ሳልቀምስ ጫማዬን አስወለቀችኝ።

ሁለተኛው ቀን ነው ጉዱ። አንድ ኮረብታ ጎኑ ተቆርሶ ተበልቷል፤ ለግንባታ ድንጋይ ሲያወጡበት ኖረዋል። የተቆረሰው ወገን ደም መስሎ ቀልቷል። ጎንበስ ብዬ ከመንገዱ አፈስ አደረግኩ። ቀይ አሽ ነው! አገር ቤት ለቤት መሠረት በገልባጭ መኪና የሚደፋው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው ቀላል ድንጋይ። ዳገቱ በሙሉ እሱን ለብሷል። የማውቀው ሰው ቤት ገባሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ እሱ ግን አላወቀኝም። ማርሹን እስከ መጨረሻው አቀለልኩት፤ የኋላ ጎማው ባዶውን እየተሽከረከረ አሹን ወደ ኋላ ይረጫል። ወርጄ ገፋሁ። ሁለት ወጣት ጀርመኖች በሳይክል አልፈውኝ ሄደው አንዱ ቆመና በእንግሊዝኛ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ከተማው ውስጥ ሞተር ያለው ሳይክል ይከራያል፤ ለእርስዎ ይሻላል» አለኝ።

«ለእኔ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ልጁ ቀላ። ጫፉ ላይ ስደርስ እነሱ ከሄዱ ቆይተዋል።

የወደቅኩት ቁልቁለቱ ላይ ነው። የፊት ፍሬኑን አብዝቼ ያዝኩት፣ ጎማው አሹ ላይ ተንሸራተተ፣ እኔም በጎኔ ተንሸራተትኩ። ሱሪዬ ተቀዶ ቅልጥሜ ተልጧል። በያዝኩት ውሃ አጠብኩት፣ መሐረቤን አሰርኩበት፣ ቢስሚላህ ብዬ ተነሳሁ። ሕመሙ ሲሰማኝ ደስ አለኝ ብል ሰው አያምነኝም። እናታችንን ያጠፋት እኮ ስኳሩ እግሯን አደንዝዞት ቁስሉ አለመሰማቱ ነው።

እህቴ ደሙን ስታይ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማረፊያችን ገብታ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አጠበችው፤ ከቅልጥሜ ውስጥ ቀያይ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ለቀመች።

ጠዋት ስወጣ ሳይክሌ የፊት ጎማ የለውም።

«የት አደረግሽው?»

«መኪናዬ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ዛሬ ወደ ቤት እንመለሳለን።» ቡናዋን ቁጭ ብላ ትጠጣለች፤ ቀና ብላ አታየኝም።

ጠብ አላነሳሁም። ሄልሜቴን አሰርኩ፣ መሪውን ከመሬት አንስቼ ያዝኩ፣ በአንድ ጎማ እየገፋሁ ጉዞዬን ጀመርኩ። ክንዴ ዛለ፣ ቁስሌ በየእርምጃው ይቆጠቁጣል። ከተማውን ሳልወጣ መኪናዋን ከኋላዬ ሰማሁት። በእርምጃ ትከተለኛለች። አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ አየን፦ ሻሽና ሄልሜት ያደረገች ሴት ግማሽ ሳይክል ስትገፋ፣ ሌላ ሻሽ ያደረገች ሴት በመኪና ስትከተላት። ምን እንዳሰበ እንጃ። ዞር ብዬ አላየኋትም። ብመለስ ዳግመኛ እንደማልወጣ ገብቶኝ ነበር፤ እዚያች መኪና ውስጥ ከገባሁ የምወርደው አልጋ ላይ ነው።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር መኪና እንዳያልፍ እንጨት ተጋድሟል። በጎኑ አለፍኩ። እሷ ማለፍ አልቻለችም። የመኪናው በር ሲከፈት፣ ከዚያም የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት ሰማሁ።

«ቁሚ!» ጎማውን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች። እንባዋ ይወርዳል። «እንደ እናቴ ቆራርጠው እንዲሰጡኝ ነው የምትፈልጊው?»

«እናታችን የሞተችው ተቀምጣ ነው፣ እታለም።»

«ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ ማለትሽ ነው?»

ይህንን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ይዛው እንደኖረች ፊቷ ላይ አየሁት። ልዋሽላት አልፈለግኩም።

«ሁላችንም ነን። ወደን ነው፣ አዝነን ነው። እኔን ግን አታስቀምጪኝም። አንቺም ብትሆኚ።»

እንጨቱን ተሻግራ መጣች። ጎማውን አልሰጠችኝም፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፋሻውን ፈታችና ቁስሉን አየች፣ አሸተተች፣ መልሳ በአዲስ አሰረችው። ከዚያ ጎማውን አጠገቤ አስቀምጣ፣ «ግጠሚውና ሂጂ። እኔ ግን አልተስማማሁም» አለች።

«አትስማሚ።»

ያን ቀን የወጣሁት ዳገት ከሁሉም ይረዝማል። ወርጄ ገፍቻለሁ፣ ቆሜ አስታውኬያለሁ፣ ኪሴ ያለውን ቴምር በልቻለሁ። ጫፉ ላይ ጫካው ድንገት ተከፍቶ ከሥሬ ከክብ ሐይቆቹ አንዱ ታየኝ፤ ቢሾፍቱን ያየ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል፣ እሳቱ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶበት፣ ጥቁርና ዝም ያለ። እህቴ በመኪናዋ ዞራ መጥታ እዚያው ገደሉ ዳር ተቀምጣለች። አጠገቧ ተዘረጋሁ።

«ጀርመኖቹ እንዲህ ያለውን ሐይቅ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ማር።»

«ሐኪሜ እንዳይሰማ» አልኳት። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሲበቃት ደግሞ ጫማዬን እንዳወልቅ አዘዘችኝ።

የቀሩትን ቀኖች ጨረስኩ። ቁስሉ አትላንታ ከተመለስኩ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የደረቀው፤ ጠባሳው አለ። ስኳሩም አልጠፋም። ሐኪሙ ኪኒኑን ጨመረልኝ እንጂ አልቀነሰልኝም፤ ሳይክል ተአምር ነው ብዬ ለማንም አልዋሽም። እህቴም እስከ ዛሬ አልተስማማችም፤ በደወለች ቁጥር ተይው ትለኛለች፣ በደወለች ቁጥር አልተውም እላታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቀዩ የአፈር መንገድ ላይ ዳገት እየወጣሁ አንድ ፒክአፕ ከጎኔ ዝግ አለ። ሰውየው መስኮቱን አውርዶ ሻሼን አየና፣ «ወደ ቤትሽ ሂጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ቤቴ ከዳገቱ ወዲያ ነው» አልኩት። «መንገዱን ልቀቅልኝ።»

ጋዝ ሰጥቶ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። አቧራው እስኪወርድ አልጠበቅኩም፤ ማርሹን ቀይሬ ውስጡን አልፌ ወጣሁ።