ከሽንት ቤቱ ጣሪያ የወረደው ዱባ

የእትዬ ጠሂራን ዱባ ሳየው ያቅለሸልሸኝ ነበር። ግቢያችን ራጉኤል ጀርባ ነው፤ ሰባት አባወራ አንድ የቀበሌ ሽንት ቤት እንጋራለን። እሳቸው የሚተክሉት ደግሞ በዚያው ሽንት ቤት ግድግዳ ሥር፣ ዝንቡ በሚርመሰመስበት ነው። ሐረጉ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ይንዘረፈፋል፤ አንተ ተቀምጠህ ከራስህ በላይ ዱባ ይወፍራል። ኤጭ!

እትዬ ጠሂራ በርበሬ በረንዳ በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው የሚውሉት። ዘሩን እናታቸው ከጉራጌ አገር በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ነው፤ ከሟች እናታቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ ለጋ ለጋውን ለየቤቱ ያድላሉ። የለጋው ፍሬ ገለባ ስለሆነ አይበቅልም። አንዱን ግን፣ ገና ጭብጥ ሲያህል በጥፍራቸው ሦስት ጊዜ ጭረው፣ ለዘር ሐረጉ ላይ ያስቀሩታል። ጭረቱ ከዱባው ጋር እያደገ ጠባሳ ይሆናል፤ ያንን ማንም አይነካውም።

በዘጠና አምስት ዓ.ም. የደረሰንን ዱባ የመለስነው ሁለት ነን፤ እኔና ጎረቤቴ ሃብታሙ። እሱማ የሽንት ቤት ዱባ ለጠላቴም አልመኝ ብሎ ግቢውን አሳቀባቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ገባና ሃብታሙ ምሳ ጠራኝ። የዱባ ወጥ ነበር፤ ከአትክልት ተራ ገዛሁት አለኝ። ሰሃኑን ጠረግሁት። ሲያበቃ የተቆላ የዱባ ፍሬ ዘገነልኝ፤ እሱን እየቆረጠምሁ እጄን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ወጣሁ። ከቧንቧው ሥር ባለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ልጣጭ አየሁ። ሦስት ጠባሳ አለው።

ሃብታሙ ሲሰጡት የተጠየፈውን ሰርቆ ሲበላው ጣፈጠው! ሰው እንዲህ ይረክሳል? እኔስ፣ ሰሃን የጠረግሁት?

ቀና ስል እትዬ ጠሂራ ዱባቸውን ሊያወርዱ መሰላል ተውሰው መጥተዋል። ባዶውን ጣሪያ አዩ፤ ባልዲውን አዩ። መሰላሉን አስደግፈው ወደ እኔ መጡና ከመዳፌ አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሯት።

«ጁነዲን» አሉኝ፤ «የበላችሁትስ ይሁን፣ ዱባ ለመበላት ነው። ፍሬውን ለምን ቆላችሁት?»

እሳቸው ባልዲውን ደፉትና ተንበርክከው ሳትቆላ የቀረች አንዲት ፍሬ ፍለጋ ይበረብሩ ጀመር። የዱባው ሆድ ዕቃ ከሽንኩርት ልጣጭና ከሻገተ እንጀራ ጋር ተለውሶ ይዝለገለጋል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ተጠያፊው እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ጎናቸው ተንበረከክሁ። እጄን እስከ አንጓዬ ነከርሁት።

ብዙ ቆይቼ አንዲት ነጭ ፍሬ አገኘሁ። ጫን ሳደርጋት ውስጧ ባዶ ነው። ምንም ሳልነግራቸው ወደ ቆሻሻው መለስኋትና መፈለጌን ቀጠልሁ።