ለለቅሶ የተቀቀለው ዘር

ያ ባቄላ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም አንጀቴ ያራል።

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ መውጫ ባለች አንዲት ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ቅጠሉን እያኮማተረ የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ባቄላ ከማሳው ጠፍቶ ነበር። በሽታውን የሚችል ዘር በስንት ልመና አገኘሁና ሽማግሌ አባታቸውን ይጦሩ ለነበሩ አንዲት ጎበዝ ሴት ሰጠኋቸው። ሁለት ክረምት አባዝተው ጎታቸውን ሞሉት። ለሰኔ ለጎረቤቱ ሁሉ ሊያካፍሉ ቃል ገቡ። ቢሮ ገብቼ ስለሱ ብቻ ሳወራ ጓደኞቼ፣ «ባቄላ ልታገባ ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ግንቦት ማለቂያው ላይ አባታቸው አረፉ። ለቅሶ ስደርስ የቅሬው፣ የእድሩ ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል። «ነፍስ ይማር» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ ዘገኑልኝ። ርቦኝ ስለነበር ቶሎ ቶሎ በላሁ። ጣፍጦኝ እጄን ደግሜ ዘረጋሁ። ያኔ ነው ከስንዴው መሀል ያለውን ልብ ያልኩት። ትልልቁ፣ የኛው ባቄላ!

ሴትዮዋን ጓሮ ጠርቼ፣ «ምነው እናቴ! ዘሩን?» አልኳቸው።

«ቀስ በል!» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ሌላ እህል አልነበረም፤ ሰዉ ብዙ ነው፣ ጎታው ተሟጠጠ። ያባቴን ለቅሶተኛ ባዶ አፉን ልሸኘው?»

«ከጎረቤት እህል ቢበደሩስ ኖሮ?»

«በግንቦት ማን ቤት እህል አለ ብለህ? ከገበያ የገዛሁት ነው የመሰላቸው። የገዛ ዘራቸውን እንደበሉ ካወቁ ያንቃቸዋል። ባባቴ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ትንፍሽ እንዳትል!»

«አብሽሩ፣ አልናገርም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ሰኔ ገባ። ጎረቤቶቻቸው ቁናቸውን ይዘው ደጃፋቸው ተሰበሰቡ፤ እኔም ነበርኩ። ሴትዮዋ ብቅ አሉና፣ «ነቀዝ ጨረሰው» አሉ።

አንዱ ወደኔ ዞሮ፣ «የቢሮ ዘር! ድሮስ ከነቀዝ ይተርፋል?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ።

በዓመቱ ያንኑ ዘር ከደጎሎ በኩል ፈልጌ አስጭኜ መጣሁ። አንድ ሰው እንኳ አልነካውም። ሴትዮዋን ለመንኳቸው።

«ነቀዝ የጨረሰውን ደግሜ ብዘራ ምን ይሉኛል?» አሉኝ።

ማሳቸውን አልፌ ዘሩን መለስኩት። «እናንተው ናችሁ የበላችሁት!» ብዬ ብጮህ ኖሮ ይህን ጊዜ አገሩ ባቄላ በባቄላ በሆነ ነበር። ግን ባባታቸው አጥንት ይዘውኛል።