የሳሙና መስመር

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚጀምሩት የቀኑን ሥራ አቁመው፣ የሳሙናውን ስባሪና ሹሉን ሚስማር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ካስቀመጡ በኋላ ነበር። ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ያኔ መብራት ገና አልገባልንም፤ የኩራዙ ጭስ ጣሪያችንን አጥቁሮት ነበር። አያቴ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩ። የኮርቻውን ልብስ ከቀይ ከፋይ ጨርቅ ይሰፋሉ፤ በፈረሱ ግንባር ላይ የሚውለውን ጌጥ ደግሞ ከስስ ናስ ቆርጠውና አጥፈው ይሠራሉ። ናሱን የሚያለሰልሱበት ፍም ከመሸም በኋላ ቶሎ ስለማይጠፋ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ዓለምነህ ብርዱን ሸሽተን ዙሪያውን እንኮለኮል ነበር። እናትና አባታችን በልጅነታችን ስላለፉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው።

ተረት አያልቅባቸውም፤ ደጋግመው የሚነግሩን ግን አንዱን ነበር። አንድ አባት ወንድና ሴት ልጆቹን ወደ ሩቅ አገር ይልካል። ሲመለሱ እንዳይጠፉ መንገዱን ምልክት እያደረጉበት እንዲሄዱ ብሎ ለወንዱ ብረት፣ ለሴቷ ነጭ አፈር ይሰጣቸዋል። ወንዱ በየድንጋዩ እየጫረ፣ ሴቷ በየድንጋዩ እየቀባች በየፊናቸው ይሄዳሉ። ከዚያ ክረምት ይገባና ዝናቡ ነጩን አፈር ያጥበዋል። ወንዱ ጭረቱን ተከትሎ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ሴቷ ግን መንገዱ ይጠፋባትና በደረሰችበት አገር ትቀራለች፣ እዚያው ታገባለች፣ እዚያው ትወልዳለች። አያቴ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ደስም አላት» ይሉ ነበር።

«አባባ፣ ለእሷስ ለምን ብረት አልሰጣትም?» አልኳቸው አንድ ምሽት።

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ተረት እኮ ነው! ዝም ብለሽ ስሚ።»

ዓለምነህም ሳቀብኝ። እኔ አፍሬ ፍሙን በእንጨት መቆስቆስ ጀመርኩ።

ቀን ቀን ግን ጥያቄዬን ሁሉ ይመልሱልኝ ነበር። ከፋይ በሳሙና ስባሪ ይሰመራል፤ ነጩ መስመር ቀዩ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ደግሞ በብሩሽ መታ መታ ሲያደርጉት ይረግፋል። እስክሪብቶ የነካው ከፋይ ግን አንዴ ተበላሸ ማለት ነው። ናስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የሚቆረጥበት በሹል ሚስማር ይጫራል፤ ሳሙና ቢሆን መቀሱ ሳይደርስ በእጅ ንክኪ ይጠፋል። የሚታጠፍበት ግን ፈጽሞ አይጫርም። ስስ ናስ በተጫረበት በኩል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ማጠፊያው በሳሙና ይሰመራል። ዓለምነህ ችኩል ነው። ሚስማሩን አንዴ ካነሣ አያስቀምጠውም፤ ማጠፊያውንም አብሮ እየጫረ ስንት ናስ አበላሸ። በመጨረሻ አያቴ ተናደዱና «ማጠፊያውን የሺ ታስምር!» አሉ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛው አልተለየሁም። እያደር መጫሩንም መቁረጡንም ለመድኩት። ሌላው ልጅ የሚመኘውን ሁሉ አልመኝም ነበር፤ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ማርጀት ብቻ ነበር የምፈልገው። የእኔም ትመስለኝ ነበር።

አያቴ እየደከሙ ሲሄዱ ሽማግሌዎች ጠርተው ንብረታቸውን ተናዘዙ። እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ አብሬያቸው እሠራ ነበር። የሥራ ክፍሉን፣ ጠረጴዛውን፣ መቀሱን፣ ሚስማሩን ሁሉ ለዓለምነህ ሰጡ። «የሺ እግዜር በሰጣት ቤት ትገባለች» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ።

«አባባ፣ እኔስ?» አልኳቸው። «ማጠፊያውን ማን ሊያሰምር ነው?»

አያቴ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በስስት ዓይን አዩኝና «ልጄ፣ ተረቱን እኮ ስነግርሽ ነው የኖርኩት» አሉኝ። ከዚያም ከኪሳቸው የሳሙናውን ስባሪ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና መረቁኝ።

ያን ሁሉ ምሽት፣ ያ ሁሉ ፍም፣ ያ ለስላሳ ድምፅ ለካ ለዚህ ቀን ሲያዘጋጀኝ ኖሯል። እኔ ተረት እየሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ እንጅባራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ። በየዓመቱ በጥር፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሰኞቹ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ዓለምነህ በጆንያ የተጠቀለለ ናስ ይዞ በባጃጅ ይመጣል።

«እቴ፣ እስቲ ማጠፊያውን አስምሪልኝ። ያንቺ እጅ ይሻላል።»

«ሚስማሩንስ ይዘኸዋል?» እለዋለሁ።

«ምን ያደርግልሻል? ቆርጬ ጨርሼው እኮ ነው የመጣሁት።»

በየዓመቱ ናሱን ይዞ እንዲመለስ ልነግረው አስባለሁ። ግን የናሱ ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ያቺ ጠረጴዛ ትመጣብኛለች፤ ያ ሥራ ወደ እጄ የሚመለሰውም በዚህች ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሳሙናዬን ስዬ አሰምርለታለሁ። እሱም ተቀብሎኝ እዚያው ያጥፈዋል። ሲያጥፈው አንድም አይሰነጠቅበትም። ከዚያ መስመሩን በጨርቅ ይጠርገዋል። መጥረጉ ግድ ነው፤ ሳሙና ያለበት ናስ አያበራም።

ዘንድሮም ሜዳው ዳር ቆሜ አየሁ። ፈረሶቹ እየጋለቡ ሲያልፉ ግንባራቸው ላይ ፀሐዩ ይንቦገቦጋል። ከጎኔ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው «የወንድምሽ እጅ ይባረክ! ቁርጥ አያቱን» አሉኝ። አሜን አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እሳቸው የሚያዩት የናሱን ማማር ነው፤ እኔ እጥፉን ነበር የማየው።

አያቴን እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ብክድ ውሸት ይሆንብኛል። በሕይወት ቢኖሩ ግን የሥራ ክፍሉን ለምን ነፈጉኝ ብዬ አልጠይቃቸውም። የምጠይቃቸው ስለዚያች የተረቱ ልጅ ነው። ደስ እንዳላት በምን አወቁ? ተመልሳ መጥታ አልነገረቻቸው።