ከነገሌ እስከ ሞያሌ ለአንድ የፊት መስታወት

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ነገሌ ቦረና

ከግቢው ስወጣ ውሻው እንኳ አልጮኸም። መኪናዋ ድምፅ የላትም። ሸጊቱ ነጠላዋን ተከናንባ በሩን ከፈተችልኝ። መንገዱን አየች እንጂ መኪናዋን አላየችም። «ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ።

ለማያውቀን አንባቢ ልናገር። ሸጊቱ የታላቅ ወንድሜ የኤልያስ ሚስት ናት። ኤልያስ ሰኔ ላይ ታመመ፣ ነሐሴ ላይ ቀበርነው። ይህችን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛት ዶሎ ኦዶ ላይ ለብዙ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ቆይቶ ነው። በሕይወቱ የራሱ የሆነች መኪና እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ዓመት እንኳ በደንብ አልነዳትም።

አሁን ኦቦ ዋርዮ የሚባሉ የከብት ነጋዴ ሊገዟት ነው። የፊት መስታወቷ ይቀየር ብለው ለዓርብ ቀጠሮ ሰጥተዋል። ሸጊቱ ልሽጣት ያለችው ለብሩ ብላ አይደለም። በየጠዋቱ በር ስትከፍት መኪናዋ ቆማለች፣ ሰውየው የለም። «አልቻልኩም» አለችኝ። እኔ እንድትሸጥ አልፈልግም። ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ታናሽ ነኝ፣ ሐዘኑም ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ይህ ጉዞ እንዲህ ያለ ጉዞ ነው፦ መስታወቱን በደንብ ካስቀየርኩ መኪናዋን አጣታለሁ።

መስታወቱ የተሰነጠቀው ኤልያስ እያለ ነው። በፊልቱ መንገድ ከፊታችን ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈነጠረብን። ኤልያስ አቆመ፣ ወረደ፣ ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰው፣ ከዚያ ሳቀ። «በቃ፣ አሁን የቆላ መኪና ሆነች» አለ። ስንጥቁ እንዳያድግ የሸጊቱን የጥፍር ቀለም ቀባበት። ቀዩን። ሲታመም ስንጥቁ አንድ ስንዝር ነበር። ስንቀብረው ሁለት። ዛሬ ፀሐይ ስትወጣ አየሁት፣ በሾፌሩ ፊት አልፎ እስከ ዳር ደርሷል።

ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት፣ ከመልካ ጉባ ወዲህ

መንገዱ ቀይ ጠጠር ነው። ግራርና ኩይሳ፣ እንደገና ግራርና ኩይሳ። አንዳንዱ ኩይሳ ከቤት ይረዝማል። ዝናብ ገና ነው፣ አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል።

ከዳዋ ወንዝ ሳልደርስ ከብት መንገድ ዘጋብኝ። መኪናዋ እኔን አልጠበቀችም፤ ቲት ቲት አለችና ራሷ ፍሬን ያዘች። ከመስታወቱ አናት፣ ከውስጥ በኩል፣ ትንሽ ካሜራ አላት። ከፊቷ ያለውን የምታየው በእሱ ነው። ላሞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሞተር ካልሰሙ መኪና መሆኗን በምን ይወቁ?

እረኛው ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ፣ አባባ።»

«ይሄ መኪና ሌባ ነው እንዴ? ሹልክ ብሎ ይመጣል! መኪና ከሆነ ለምን አይጮህም?»

«በመብራት ነው የሚሄደው፣ አባባ።»

«እዚህ ለሰው እንኳ መብራት የለም፣ ለመኪና ከየት መጣ?» አሉና ላሞቹን እየሳቁ ገፉልኝ።

ኦቦ ዋርዮም መኪናዋን የወደዷት በዚህ ነው። ኤልያስ አንድ ቀን አሳፍሯቸው ሲሄድ ወይፈን ዘሎ ገባ፣ መኪናዋ ራሷ ቆመች። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ሁሉ «የኤልያስ መኪና ዓይን አላት» እያሉ አወሩ። ልጃቸው ፈጥኖ ይነዳል፤ መኪናዋን ለእሱ ነው የሚፈልጓት።

ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት፣ ያቤሎ

ሆቴሉ ግቢ ውስጥ የመኪናዋን የመብራት ገመድ በመስኮት አስገብተን ሰካነው። ዘበኛው ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ ጎማ ያለው ስልክ?»

«ሁለቱም ነው» አልኩት።

«እስኪ ደውልበት!»

ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ ስስቅ ራሴን ስሰማ ይገርመኛል። እራት ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ። ኤልያስ ያቤሎ ሲደርስ ሁልጊዜ ሩዝ ነበር የሚያዘው፣ ሙዝ ደግሞ ከጎን። ሙዙን ከሩዙ ጋር አብሮ ይበላዋል። ዶሎ የለመደው ነው። እኔ እስቅበት ነበር። ዛሬ እኔም ሙዝ አስመጣሁ። ጥሩ ነው ለካ።

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፣ ሞያሌ

አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ በአራት ሰዓት ገባሁ። ሞያሌ ጫጫታ ናት። ባጃጅ፣ ሸራ፣ የግመል ወተት ሻይ፣ ቻፓቲ። ከኬላው ወዲህ መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ ከኬላው ወዲያ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ በግራ።

መስታወት ቀያሪው ሁሴን ይባላሉ። እዚህ የእጅ ባለሙያን እንደ ማዶዎቹ «ፉንዲ» ነው የሚሉት፣ እኔም ፉንዲ አልኳቸው። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሐዋሳም አዲስ አበባም ጠይቄ ወራት ጠብቅ ሲሉኝ፣ እሳቸው በስልክ «ከማዶ አስመጣልሃለሁ፣ የመኪናዋን ፎቶ ብቻ ላክ» አሉኝ። ላክሁ። መስታወቱ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀኝ።

የድሮ መስታወት በጎማ ነበር የሚያዘው። አስታውሳለሁ፣ ነገሌ፣ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ኤልያስ ረዳት ሆኖ ይሠራባት የነበረችው አይሱዙ መስታወቷ ረገፈ። ጎማውን በአዲሱ መስታወት ዙሪያ አለበሰው፣ በጎማው ቦይ ውስጥ ገመድ አዞረ። እሱ ከውጭ በመዳፉ ይገፋል፣ እኔ ከውስጥ ገመዱን እስባለሁ። ገመዱ ሲወጣ ጎማው ከንፈሩን እየገለበጠ ቆርቆሮውን ይነክሳል። «ሳብ! ቀስ! ሳብ!» ይለኛል። ሲያልቅ በመስታወቱ በኩል ተያየን። አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየኝ። ያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የዛሬው በማጣበቂያ ነው። ፉንዲ ሁሴን በማጣበቂያው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሾለኩ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ፣ እንደ መጋዝ ሳብ ለቀቅ እያደረግን ዞርነው። ቀዩ ቀለም ጋ ስንደርስ እጄ ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ ደከመህ?»

«አይ። ወንድሜ የቀባው ነው።»

ሽቦውን ለቀቅ አደረጉ። «አላህ ይዘንለት» አሉ። «እንድንስብ አንድ ሁለት ብዬ ልቁጠር ወይስ ራስህ ትጀምራለህ?» ራሴ ጀመርኩ።

ስናነሳው መስታወቱ በስንጥቁ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ለትንሽ ጊዜ መኪናዋ ፊት አልነበራትም። የሞያሌ ንፋስ እስከ ኋላ ወንበር ገባ።

ከዚያ አዲሱን አነሳንና ለሙከራ ገጠምነው። ልክክ አለ። ፉንዲ ሁሴን ካሜራውን ወደ ቦታው ሊያስገቡ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ፈለጉ። እንደገና ፈለጉ። የካሜራው መያዣ መኖሩስ አለ፤ ያለው ግን ከመሃሉ ወደ ሌላው ጎን ነው። ሽቦው አይደርስም፣ ሽፋኑም አይገጥምም።

ወጥተው ቆሙ። መሪውን አዩ። መስታወቱን አዩ። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ወላሂ! የቀኝ መሪ ነው! መሪው በቀኝ የሆነ መኪና መስታወት ነው!»

«ፎቶ ልኬልዎት አልነበር?»

«የላክኸው ከውጭ ነው፣ መሪው የታለ? አንተም አልላክህ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሠላሳ ዓመት በሁለት አገር መኪና መሃል እኖራለሁ፣ አንዱ ቀኝ አንዱ ግራ፣ ስንቱን ቀየርኩ! የድሮው መስታወት ግራ ቀኝ አያውቅም ነበር። መስታወት መስታወት ነበር።» ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ያለው ጎማ ለጣፊ ሰምቶ፣ «ፉንዲ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዙርለት!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ጎማህን ንፋ!» አሉት።

አሮጌው ተሰብሯል። ሌላ ላስመጣ ቢሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አያውቁም። አዲሱ ግን ዝናብም ንፋስም ይከለክላል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ካሜራው ብቻ አይሠራም። አሰብን፣ ሌላ መንገድ አጣንና አጣበቁት። ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። የእጅ ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ ለምኜ እንኳ እምቢ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሽፋኑን ባዶውን ለጥፌልሃለሁ፣ ከውጭ ሲታይ ሙሉ ነው። ሻጭ ነህ፣ ዝም በል።»

«እሺ» አልኩ።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት፣ ዱብሉቅ

ፉንዲው ማጣበቂያው እስኪደርቅ በር በኃይል እንዳልዘጋ፣ መስኮትም ትንሽ ክፍት እንዳደርግ መክረውኝ ማለዳ ወጣሁ። ሜጋን አለፍኩ። አዲሱ መስታወት ንጹሕ ነው፣ በጣም ንጹሕ። ተራራው ቅርብ ይመስላል። የሚጎድል ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ዓይኔ ስንጥቁን ይፈልጋል።

ዱብሉቅ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። ሃያ ብር። ኤልያስ እዚህ ሲቆም ከቦረናዎቹ ጉድጓድ ዘንድ ሰዎቹ እየዘፈኑ ውኃ ሲቀባበሉ ያዳምጥ ነበር። ቋንቋው የልጅነቱ ነው፣ አብሯቸው ያንጎራጉራል። እኔ እንሂድ እላለሁ፣ እሱ ቆይ ይላል። ዛሬ ማንም እንሂድ አላለኝም። ብዙ ቆየሁ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። ኦቦ ዋርዮ የሚገዙት ያን ዓይን ነው። እውነቱን ከነገርኳቸው አይገዙም። አይገዙም ማለት መኪናዋ አትሸጥም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ደስታዬ ሸጊቱን በየጠዋቱ ከዚያ በር ጋር ሊያቆማት ነው። ብዋሽ ደግሞ ልጃቸው መኪናዋ ታያለች ብሎ ከብት መሃል ይገባል። ሻዩ ቀዘቀዘ። እስከ ያቤሎ ድረስ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ።

ዓርብ፣ 9 ሰዓት፣ ነገሌ

መንገድ ላይ ከብት ባየሁ ቁጥር ከሩቅ እግሬን ፍሬን ላይ እያደረግሁ፣ ጥሩምባ እየነፋሁ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ኦቦ ዋርዮ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሸጊቱ በረንዳው ላይ ቆማለች።

ተነሥተው መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ጥሩ ነው፣ አዲስ ነው» አሉ። ዞሩ፣ ጎማ ረገጡ። ከብት ሲገዙም እንዲህ ነው የሚዞሩት። ከዚያ ፊቴ ቆሙ።

«የምትነግረኝ ነገር አለ?»

ዝም በል የተባልኩት ለዚህች ጥያቄ ነው። ሸጊቱን አየሁ። እሷ እግሯን ታያለች።

«አለ፣ ኦቦ። መስታወቱ የቀኝ መሪ መኪና ነው። ካሜራው አልገባም። ከእንግዲህ ራሷ አትቆምም። ይኼ ሽፋን ባዶ ነው።»

«ታዲያ ዓይኗ ጠፍቷላ!»

«አዎ። ሌላው ደህና ነው፣ ትነዳለች።»

«እኔ የፈለግሁት ዓይኑን ነው እንጂ መኪናማ ሞልቷል» አሉ። አልተቆጡም። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ያባትህ ልጅ ነህ። ሌላው ቢሆን ዝም ይል ነበር» አሉኝና መርቀውኝ ወጡ። ምርቃታቸው ከበደኝ። እውነቱን የተናገርኩት ለእውነት ብዬ ብቻ እንዳልሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሸጊቱ ከበረንዳው ወረደች።

«ሆን ብለህ ነው?»

«መስታወቱን የተሳሳትነው ሳናውቅ ነው፣ ወንጌል ይመስክርብኝ።»

«መስታወቱን አይደለም። መናገርህን።»

«አዎ። እንድትሸጥ አልፈለግሁም» አልኳት።

«ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም?»

«ሐዘኑ ያንቺ ነው ብዬ።»

«አንተስ? ወንድምህ አልነበረም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ መኪናዋን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻት። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም።

«ዛሬውኑ ይዘሃት ውጣ» አለችኝ። «አንተ ጋ ትደር። እኔ ጠዋት ጠዋት እዚህ ቆማ እንዳላያት ነው እንጂ...» አልጨረሰችውም።

ወደ ተከራየኋት ክፍል ግቢ ወሰድኳት። ቅዳሜ ሸጊቱ አልደወለችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተያየን፣ ስለ መኪናዋ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ሰኞ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጠራ።

«ገበያ መሄዴ ነው» አለችኝ። «መጥተህ ውሰደኝ። ጥሩምባ አትንፋ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»